ጀርም የጠፋበት ወንዝ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ አልማዝ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና፣ «ለመሆኑ አስቱ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቦቲ ጫማ አድርገሽ የምትወጪው ምን ልትሠሪ ነበር?» አለችኝ።

«የወንዝ ውሃ ልመረምር።»

«ታዲያ ወንዙ ለምን እንዲህ ቆሸሸ?» አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ ግን ቤት ገብቼም ጥያቄዋ አብሮኝ ዋለ። ወንዙን የማጽዳት ሥልጣን አልነበረኝም። የእኔ ሥራ ውሃው ምን እንደ ደረሰበት፣ በውስጡና በዳሩ የሚኖሩትም ምን እንደ ደረሰባቸው ማወቅና መናገር ነበር። ይህንንም ቢሆን ሁልጊዜ በደንብ አልሠራሁትም፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ዞሬ ሳየው የሚበዛብኝ ምስጋና ነው። ለማን እንደሆነ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የተወለድኩት እዚሁ ጉለሌ፣ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ነው። በኬሚስትሪ ዲፕሎማ ይዤ በመንግሥት የውሃ ላቦራቶሪ ስቀጠር አብሬያቸው የምዘምር የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ነጩን ጋዋኔን አይተው «እኅታችን ሐኪም ሆነች» ብለው ጸለዩልኝ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ጠርሙስ በማጠብ ነው። ስለ ደሞዙ የማወራው ብዙ የለኝም፤ አኖረን።

ጠርሙስ ማጠቡን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ከእንጦጦ ማዶ ካለው ገጠር የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ከተራራው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲያጋጥሙን ግን በኦሮምኛ ያወጓቸዋል፤ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ የትኛው ሽታ እንደ ለወጠ ከእነሱ ሰምተው ይመጣሉ። ማስታወሻቸውን በእርሳስ ነበር የሚጽፉት። «እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይክድሻል» ይላሉ።

መስክ ስንወጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መቀመጥ ነበር። ሣጥኑን ሳይከፍቱ፣ ጠርሙስ ሳይነኩ፣ ዳር ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ያዩታል። ሾፌሩ ጥሩምባ ቢያሰማም አይነሡም። ከዚያ ወደ ውሃው ገብተው ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ያዞራሉ፤ በእግር የደፈረሰው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጠርሙሱን በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቁታል፤ አራተኛው ናሙና ይሆናል።

ጠርሙሱ ከተሞላ በኋላ እኛ ወጣቶቹ ጨረስን ስንል እሳቸው ገና ይጀምራሉ። ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይገለብጣሉ። ከድንጋዩ ሥር የተጣበቀውን በቀስታ ጠርገው በወንፊት ይቀበሉትና ነጭ ሳፋ ውስጥ ይገለብጡታል። ሳፋው ውስጥ ነገር መላወስ ይጀምራል፤ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እግራም ፍጥረቶች፣ አልቅት፣ የውሃ ተርብ እጭ፣ እንደ ደም የቀላ ትል። እያንዳንዱን በወረንጦ እያነሡ ይቆጥሩታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ያደርጋል? ውሃውን ይዘናል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን፤ አሁን የእጽዋት ማዕከሉ ካለበት ከፍታ አካባቢ ነበርን።

«ውሃ መንገደኛ ነው» አሉኝ። «አሁን ጠርሙስሽ ውስጥ የገባው ከአፍታ በፊት እዚህ አልነበረም። ትናንት ምን እንደ ተደረገ አይነግርሽም። ድንጋዩ ሥር ያለችው ግን ነዋሪ ናት። ትናንትም፣ ባለፈው ሳምንትም እዚሁ ነበረች። እሷን ጠይቂያት።»

ከዚያ ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ወሰዱኝና ልዩነቱን አሳዩኝ። እላይ ንጹሕ አየር በሚጠግበው ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን መጠነኛ ነው። መንደር ውስጥ ገብተን የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ስንደርስ እነዚያ ስሶቹ ይጠፋሉ፤ ቀዩ ትል ብቻ ይርመሰመሳል። «ቆሻሻ ይመርጣል፤ አንዱን ገድሎ ሌላውን ያደልባል» አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር ግን ያኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አሳለፍኩት። «መርዝ ግን አይመርጥም። መርዝ ያለበት ወንዝ ጸጥ ይላል።»

ጥቂት ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ተመድቤ የጉድጓድ ውሃ ስመረምር ቆየሁ። ስመለስ ላቦራቶሪው ተለውጧል። በእጅ የሚያዙ ዘመናዊ መለኪያዎች መጥተዋል፤ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ ቁጥሩን ወዲያው ይናገራሉ። አጠቃቀማቸውን የሠለጠንኩት እኔ ስለነበርኩ ኮራሁ። ጋሽ ደምሴ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ወንፊታቸውንና ሳፋቸውን ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ አሳዘኑኝ።

እትዬ ብርቄ ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከወንዙ ዳር ጎመን የሚያለሙ፣ ሁለት የወተት ላሞች የነበሯቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከኃላፊያችን ከአቶ ሰይፉ ቢሮ በር ላይ ቆመው፣ «ላሞቼ ውሃውን አሸትተው ይመለሳሉ። እኔም ስቀምሰው ሚስማር ሚስማር ይለኛል» አሉ። አቶ ሰይፉ ወደ እኔ መሯቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሄድኩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ከሌላው የከተማ ወንዝ ጋር ሲተያይ የሚያምር ነው ማለት ይቻላል። መለኪያዬን ነከርኩ። አሲድነቱ ደህና፣ የአየሩ መጠን ደህና፣ ሙቀቱ ደህና። ለጀርም ምርመራም ናሙና ወሰድኩ። መኪናው ሌላ ቦታ ይፈለግ ስለነበር ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። አልተቀመጥኩም፤ ድንጋይም አልገለበጥኩም።

የጀርም ምርመራ በትንሽ ክብ ሳህን ላይ ነው። ውሃው በስስ ማጣሪያ አልፎ ጀርሙ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፤ በአንድ ቀን ውስጥ በቅሎ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ነጠብጣቡን እንቆጥራለን። መንደር አቋርጦ የሚመጣ ውሃ ሳህኑን ሞልቶ መቁጠሪያ ያሳጣል። የእትዬ ብርቄ ወንዝ ሳህን ግን ባዶ ነው ሊባል ይችል ነበር። እኔም ደስ አለኝ! «ውሃው ለከብት የሚያሰጋ ነገር የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ሰይፉ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ፤ እትዬ ብርቄ ወረቀታቸውን ይዘው አመስግነው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ስልክ ተደወለ፤ አንዷ ላም ሞታለች፣ ሌላዋ ጽንሷን ጥላለች።

ጋሽ ደምሴ ማስታወሻ ደብተርሽን አምጪ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡና የጀርሙ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይህን ሁሉ መንደር አቋርጦ የመጣ ውሃ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጀርሙ የት ሄደ ብለሽ አልጠየቅሽም?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ሳህኑን ባዶ ያደረገው ንጽሕና አልነበረም። ጀርሙን እንኳ የገደለ ነገር ውሃው ውስጥ ነበር፤ መለኪያዬ ደግሞ እሱን የሚለካ አልነበረም።

«ድንጋይ ገልብጠሻል?»

«አልገለበጥኩም፣ ጋሼ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝና ካፖርታቸውን አነሡ። «ተነሺ» አሉኝ። «ሴትዮዋ ቤት እንሂድ።»

«ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ ብለሽ።»

እትዬ ብርቄ በረታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ደምሴ ከአጥሩ በር አላለፉም፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በደንብ ሳላይ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«ላሞቼ ነግረውኝ ነበር» አሉ። «ውሃውን እምቢ ብለው ነግረውኝ ነበር። ምላሴም ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ያንቺን ወረቀት አመንኩ። ዱላ ይዤ፣ ጠጡ ብዬ ነዳኋቸው። ሰማሽ? ዱላ ይዤ!»

ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ፤ ጎረቤት ወጣ። እኔ ቆሜ ሰማኋቸው። እንባዬ ሲመጣ፣ «አታልቅሺብኝ፤ ላሟን ያጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚያ እሑድ ከመዘምራን መካከል ቆሜ አፌ አልከፈት አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ጋሽ ደምሴ ሳፋቸውንና ወንፊታቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ከእትዬ ብርቄ ማሳ ጀምረን ወንዙን ሽቅብ ወጣነው፤ ድንጋይ እየገለበጥን። ምንም የለም። ቀይ ትል እንኳ የለም። ሳፋው ውስጥ አሸዋና ጥርት ያለ ውሃ ብቻ። ከእንጨት ድልድዩ በላይ፣ ምንም። ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ምንም። ድንጋዮቹ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የቀላቀለ ስስ ልባስ ይታያል። ጋሽ ደምሴ ያሉት ጸጥታ ይህ ነበር።

ቀትር ሲሆን ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር የሚወጣ ቱቦ አገኘን። የዚያን ቀን የሚንጠባጠበው ጥቂት ነበር። ቱቦውን አሥር እርምጃ ያህል አልፈን ድንጋይ ገለበጥኩ። ሳፋው ውስጥ ቀይ ትል ተጠማዘዘ፤ ሁለት አልቅቶችም ተንሳፈፉ። ጮህኩ። አልቅት አይቶ በደስታ የጮኸ ሰው ከእኔ ሌላ የሚኖር አይመስለኝም።

«ከላይ ሕይወት አለ፤ ከታች የለም» አሉ ጋሽ ደምሴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደክሟቸው አየሁ። «ገዳዩ በዚህ በአሥር እርምጃ መካከል ነው።»

አጥሩ ውስጥ ብረት ክሮም የሚያለብስ ወርክሾፕ ነበር፤ የወንበር እግር፣ የመኪና መከላከያ፣ የበር እጀታ በአሲድ ታጥቦ ክሮም ገንዳ ውስጥ እየተነከረ የሚያብረቀርቅበት።

አቶ ሰይፉ ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በትል ሰው አይከሰስም፣ አስቴር። አንድ ጊዜ ፈርሜ ተዋርጃለሁ።»

«ክሰሱ አላልንም» አሉ ጋሽ ደምሴ። «መጥተው ይዩ ነው ያልነው።»

አቶ ሰይፉ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ግን አልነበሩም። ጫማቸውን አስወልውለው በመጡበት ቀን ወንዝ ዳር ወረዱ። ከቱቦው በላይ ራሳቸው ድንጋይ ገለበጡ፤ ከቱቦው በታችም ገለበጡ። እንደገና ወደ ላይ ተመለሱ። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ፣ «ወረቀቱን አምጡ፤ ናሙናው እንደ ክሮም ያለ ከባድ ብረት ወደሚለካበት ላቦራቶሪ ይሂድ» አሉ። ውጤቱ ሲመጣ ክሮሙ ለከብት መጠጥ ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። አርብ አርብ ገንዳው ሲደፋ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። እኔ መለኪያዬን የነከርኩት በማክሰኞ ማለዳ ነው።

ወርክሾፑ ስንገባ ባለቤቱ ጠብ ፈልጎ ነበር የተቀበለን። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሰው ሲሞት አላየሁም» አለ። ጋሽ ደምሴ አልመለሱለትም። ገንዳው አጠገብ ወደ ቆመ ታደለ ወደሚባል ሠራተኛ ሄደው፣ «እጅህን ልይልህ?» አሉት። ጓንት አልነበረውም። ጣቶቹ ላይ በወስፌ የተበሱ የሚመስሉ ክብ ክብ ቁስሎች ነበሩ።

«አፍንጫህስ ይደማል?»

«በምን አወቁ?» አለ ታደለ።

ባለቤቱ ይሰማ ነበር። ቁጣው ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም፤ ቀስ ብሎ የራሱን እጅ ዘረጋ። የዳነ፣ ጠባሳው ግን የቀረ ያው ክብ ቁስል ነበረበት። «እኔም ገንዳ ላይ ነው ያደግሁት» አለ። «የሥራው ጠባይ ነው ብለን ነው የኖርነው።»

ድንጋይ ሥር ያለችውን፣ ላሟንና ሰውየውን ያገኛቸው አንድ ነገር እንደሆነ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ ዳር ቆሜ የማየው ነገር ይመስለኝ ነበር እንጂ እኔንም እንደሚጨምር አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ጀምበር አልሆነም። ወርክሾፑ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። መጨረሻ ላይ ባለቤቱ የእጣቢውን መርዝነት በኬሚካል አብርዶ በኖራ የሚያዘቅጥበት ገንዳ አስገነባ፤ ለሠራተኞቹ ጓንትና እንፋሎት የሚስብ ማራገቢያ አስገባ። ታደለ ሐኪም ቤት ተመላልሶ ዳነ። ለእትዬ ብርቄም በሽማግሌ ጊደር ተካላቸው። እኔ ግን የተካሁላቸው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ፈርቼ ደጃቸው ቆሜ፣ «ምን ላድርግልዎት?» አልኳቸው።

«በየወሩ ነይ» አሉኝ። «ወረቀት እንዳታመጪብኝ። ድንጋዩን ገልብጠሽ አሳዪኝ።»

በየወሩ ሄድኩ። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ልባሱን እየጠረገ ወሰደው፤ መስከረም ላይ አንድ ቀይ ትል አገኘን፤ እትዬ ብርቄ በመዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። በሚቀጥለው ዓመት አልቅት መጣ፤ ቀጥሎ የውሃ ተርብ እጭ። አንድ ጧት ቢሮ ስገባ ስልክ ጮኸ፤ እትዬ ብርቄ ናቸው። «አስቴር፣ እንቁራሪቶቹ መጥተው ጮኹብኝ እኮ! እንቅልፍ የለም ከእንግዲህ!» እየሳቁ ነበር። እኔን ስቀው ሲያናግሩኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሌሎች ወንዞችም ነበሩ፤ ሌሎች ኃላፊዎችም። ወደ ክፍለ ከተማ ተዛውሬ የሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ያሸነፍነው ጥቂት ነው፤ ከመንደሮቹ በታች ያለው ውሃ ዛሬም ክፉ ነው፤ የአልማዝ ጥያቄ እውነት አለው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልቀመጥ ሣጥን ከፍቼ አላውቅም። አብረውኝ የሠሩ ወጣቶችም ጥሩ ቁጥር ሲያዩ ከመጥፎው እኩል እንዲጠራጠሩ አስተምሬአለሁ። ሾፌሮች አይወዱኝም ነበር።

ባለፈው ወር ጋሽ ደምሴን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አርጅተዋል፤ ከዘራ ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጡረታ መውጣቴን ነገርኳቸው፤ መረቁኝ። ምሳ በላን። ከዚያ ለዓመታት ይዤው የኖርኩትን ነገር ልናገር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ ቤት ስለ ወሰዱኝ አመሰግናለሁ። ያኔ ጠልቼዎት ነበር» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«እኔም በወጣትነቴ አንድ ጉድጓድ ደህና ነው ብዬ ፈርሜ ነበር» አሉ። «ልጆች ታመሙበት። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሸፈኑልኝ። ወደ ሌላ አገር አዛወሩኝ። ሰዎቹ ደጅ ሄጄ አላየኋቸውም።»

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ነግረውኝ አያውቁም።

«እትዬ ብርቄ ሲቆጡሽ አጥሩ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር» አሉ። «እኔንም እየተቆጡኝ መሰለኝ። ቀለል አለኝ።»

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ወደ ከተማ የሚመልሰኝ ታክሲ እስኪሞላ ድረስ፣ ግቡ ብላቸውም እምቢ ብለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አብረውኝ መንገድ ዳር ቆሙ።